በአንድ ቤት ስለሚያድጉ ሁለት ሕፃናት

ልጅ ያጡ ባልና ሚስት የሌላ ሰው ልጅ ተቀብለው በማሳደግ ላይ ሳሉ የአብራካቸው ክፋይ ቢወለድላቸው፥ ፍቅራቸው ለሁለቱ ይሆናልን ወይስ ወደ አንዱ ያጋድላል? ጥያቄው የቈየ ነው፤ ዛሬ ግን ወደ ደጃችን ቀርቦአል። ከአርባ ምንጭና ከሌላውም የደቡብ አገራችን ክፍል ብዙ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር ይወሰዱ ነበር። በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተ ሰብ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ አስቀርቶታል። እንግዲህ ወላጅ ያጣ ሕፃን ቤት ያገኝ እንደ ሆነ የሚያገኘው ከእኛው ዘንድ ነው።

እስቲ እንዲህ ያለ አንድ ቤት በዐሳባችን እናቁም። ቤቱ በአርባ ምንጭ ከተማ፥ በሲቀላ ሰፈር ነው እንበል። ባልና ሚስቱ ዘጠኝ ዓመት ያለ ልጅ ከኖሩ በኋላ የሦስት ወር ሴት ልጅ በፍርድ ቤት አጸድቀው ወሰዱ። ሕፃኒቱ ከገባች ወር ሳይሞላ እናቲቱ መፅነሷ ታወቀ፤ ልጅቱ ዳዴ በምትልበት ጊዜም ወንድ ልጅ ተወለደ። ጎረቤቱ ሁሉ ደስ ብሎት፥ «እግረ ርጥብ ናት፤ ወንድሟን አስከትላ መጣች» አለ።

ይህ ቃል ምርቃት ነው፤ የሚናገረውም ሰው ክፉ ነገር አላሰበም። እኔ ግን በዚያ ቤት ከሚነገረው ሁሉ ይልቅ የምፈራው ይህንኑ ቃል ነው። ልጅቱ የምትወደደው ሌላ ልጅ ስላመጣች ከሆነ፥ ያ ልጅ ከመጣ በኋላ ሥራዋ አልቋል ማለት ነውና። ሣራ አጋርን ለአብርሃም በሰጠች ጊዜ ከአገልጋይዋ በሚወለደው ልጅ የልጅ እናት ለመባል አስባ ነበር። ይስሐቅ ተወልዶ ጡት የጣለበት ግብዣ ሲደረግ ግን እስማኤል የማይፈለግ ሆነ፤ ከእናቱም ጋራ ወደ ምድረ በዳ ወጣ። የዚህን ታሪክ ምሥጢር መምህራን በሰፊው ይተረጕሙታል፤ እኔ ወደዚያ አልገባም። የያዝነውን ነገር የሚመለከተው፥ ለሌላ ነገር መንገድ ሆኖ የተፈለገ ልጅ፥ የተፈለገው ነገር በተገኘ ጊዜ ምን እንደሚደርስበት ነው።

«ታዲያ እናቲቱ ሁለቱን እኩል መውደድ ይቻላታልን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነቱን እንናገር። አምጣ የወለደችውን ልጅ ባየች ጊዜ የሚሰማት ስሜት ሳትጠራው የሚመጣ ነው። ለልጅቱ የሚሰማት ግን ሌሊት እየተነሣች ውሃ ስታፈላና የጣሳ ወተት ስትበጠብጥ፥ ትኩሳቷንም በመዳፏ ስትዳስስ ቀስ በቀስ የተሠራ ነው። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ዐይነት ባይሆኑ እናቲቱን ግብዝ አልላትም። ስሜት ታዞ አይመጣም፤ እጅ ግን ይታዘዛል።

የእጅ ሥራ የሚጀምረውም ከጡት ነው። የእናት ወተት ተሰፍሮ የተሰጠ ነገር አይደለም፤ ጡት በተጠባ መጠን ወተቱም ይጨምራልና። መንታ የወለዱ እናቶች ሁለቱን ማጥባት የሚችሉትም ስለዚህ ነው። አባቶቻችን የሰው ልጅ ለማሳደግ ሲቀበሉ ማር የተቀባ ጣት አስጠብተው «የጡት ልጅ»፥ «የማር ልጅ» ይሉት ነበር። ያ ምልክት ነበር፤ በዚህ ቤት ግን ምልክቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ጡጦ የለመደችው ልጅ ጡቱን እንቢ ያለች እንደ ሆነም፥ ወንድሟ በሚታቀፍበት ጭን ላይ ታቅፋ ጡጦዋን ትጠጣ።

አያቲቱ ለአራስ ጥየቃ ከጨንቻ ደጋ ሲወርዱ ዶርዜ ሸማኔ የሠራውን ጋቢ ለተወለደው ልጅ ይዘው ይመጣሉ። (በሲቀላ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር አያት የማያውቅ ሰው ነው።) የመጣው ጋቢ አንድ ብቻ ነው። ቡና ሲፈላም ጠያቂዎቹ፥ «የራስሽ የትኛው ነው?» ይላሉ። ሕፃናቱ ገና ቃል አይሰሙም፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት ንግግር የሚለምደው ቤቱ ራሱ ነው። ልጅቱ ቃል መስማት በጀመረች ጊዜ ቤቱ ምን ብሎ እንደሚጠራት ቀድሞ ተወስኖአል።

ከዚህ የሚሸሹ ብዙዎች በሌላ በኩል ይወድቃሉ። «ምስኪን ናት» እያሉ ምንም ብታጠፋ አይቈጧትም፤ የሚበላውንም አስቀድመው ለእርሷ ይሰጣሉ። ነገር ግን ቍጣ የማይደርስበትና መልካሙ ሁሉ የሚቀርብለት በቤት ውስጥ እንግዳ ነው። ልጅ ይሰለቻል፥ ይገሠጻል፥ ተመልሶም ይታቀፋል።

የ1992ቱ የቤተ ሰብ ሕግ ጉዲፈቻ ልጅን እንደ ወለዱት ልጅ ይቈጥረዋል፤ ከተወለደበት ቤተ ሰብ ጋራ ያለውንም ዝምድና አያፈርስም። ስለዚህ ትውልዷን መሰወር አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወንዱ በአርባ ቀን ሲጠመቅ የሚቀበለው ልጅነት ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣ አይደለም፤ እኅቱም ወደዚህ ቤት እንደ ገባች በዚያው ውሃ ተቀብላዋለች።

ዓመቱ ሊሞላ ሲቃረብ ልጅቱ ድክ ድክ እያለች መጥታ የወንድሟን ጋቢ ከላዩ ላይ ትጐትታለች። እናቲቱም ትቈጣታለች። ቡና የምትጠጣው ጎረቤት፥ «ኧረ ተያት፥ እናት የሌላትን ልጅ» ስትል፥ እናቲቱ፥ «እናቷ እኔ አይደለሁም እንዴ?» ብላ የምታለቅሰውን ልጅ ታነሣና በጀርባዋ ታዝላታለች።