ባለቤት የሌለው ደረጃ

«ባለቤት» የሚለው ቃላችን ለሦስት ጌቶች ያገለግላል። ቤት ያለው ሰው ባለቤት ነው። የትዳር ጓደኛም ባለቤት ይባላል፤ «ባለቤቴን ተዋወቋት» እንላለን። በሰዋስው ትምህርት ደግሞ ግሡ በቁጥርም በጾታም የሚከተለው፣ ዓረፍተ ነገሩ ስለ እሱ የሚናገርለት ስም «ባለቤት» ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን «የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት አስምሩበት» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ ካወጣሁ ሰነፉም ጎበዙም ያገኘዋል። ለነጥብ ማሟያ የምጨምረው ጥያቄ ነበር። ማስተማሩን ትቼ በኮንዶሚኒየም ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ያው ጥያቄ ከባድ ሆኖብኛል።

እስቲ እዚያ ሕንፃ ውስጥ እንዴት እንደምናወራ አድምጡ። «የደረጃው አምፖል ተቃጠለ።» «የሮቶው ክዳን ተወሰደ።» «ፍሳሹ ሞላ።» «ፓምፑ ቆመ።» ሰዋስዉን ለሚያይ ሁሉም ባለቤት አላቸው፤ አምፖሉ፣ ክዳኑ፣ ፍሳሹ፣ ፓምፑ። የተቃጠለው ራሱ የመቃጠሉ ባለቤት፣ የተሰረቀው ራሱ የመሰረቁ ባለቤት ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰው የሚባል ነገር የለበትም። መግቢያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ወረቀቶችም ያው ናቸው። «ቆሻሻ እንዳይጣል።» «ደረጃ ላይ ከሰል እንዳይቀጣጠል።» ማን እንዳይጥል? ከልካዩስ ማነው? ወረቀቱ አይናገርም።

ኮንዶሚኒየምን ለአዲስ አበባ ሰው መግለጽ ለቀባሪው ማርዳት ነው። የእኛው ባለ አራት ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ውኃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ይመጣል፣ ሲመጣም ጉልበቱ ከሁለተኛ ፎቅ አያልፍም። ከዚያ በላይ ያለው ሕዝብ በቢጫ ጄሪካን ነው የሚኖረው። የእኔ መታጠቢያ ቤት ወደ ታችኛው ጎረቤቴ ጣራ ያንጠባጥባል፣ የላይኛው ጎረቤቴ ደግሞ ወደ እኔ። ሦስታችንም የተዋወቅነው በዚህ ምክንያት ነው። ከሃያ አራቱ ቤቶች ባለ ዕጣዎቹ ራሳቸው የሚኖሩባቸው አምስቱ ብቻ ናቸው። ሌላው ሁላችን ተከራይ ነን።

ይህን ሁሉ «አከራዮች ጨካኞች ናቸው» ብዬ ብዘጋው ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ ተከራይ የሚለውም ይህንኑ ነው። ግን እኔ አከራዬን አውቃቸዋለሁ። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባው ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስመዘገበ፤ እሳቸው ከዚያ ውስጥ አንዷ ነበሩ። ዓመታት ጠበቁ። ዕጣ ወጣላቸው፣ እልል አሉ፣ የውስጥ ማጠናቀቂያው ያልተሠራ ቤት ቁልፍ ተረከቡ። ከዚያ የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ መጣ። ደመወዛቸውና ክፍያው አልተገናኙም። ስለዚህ ቤቱን አከራዩና ራሳቸው በአንድ የቆየ ሰፈር፣ ጓሮ ውስጥ፣ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተው ገቡ። እስካሁንም እዚያው ናቸው። የምከፍላቸው ኪራይ ግማሹ ወደ ባንክ፣ ሌላው ግማሽ ወደ እሳቸው አከራይ ይሄዳል። ባለቤት ናቸው፣ ተከራይ ናቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። በ1996 ዓ.ም. ቦሌ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው ያ ትልቅ ፕሮግራም ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሰው የቤት ባለቤት ለማድረግ ታስቦ ነው። ባለቤት አድርጓል፤ ብዙውን ግን ቤቱ ውስጥ አላስገባውም።

ስለዚህ የእኛ ደረጃ ችግር ከክፋት የከፋ ነው። ቤቱ ያላቸው አይኖሩበትም፣ የሚኖሩበት ቤቱ የላቸውም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የእያንዳንዱ ቤት ውስጥ የግል፣ ደረጃውና ጣራው የመሳሰለው ደግሞ የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ነው ይላል። የጋራውን የሚያስተዳድር የባለቤቶች ማኅበር እንዲኖርም ደንግጓል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ማኅበራችን ስብሰባ ሲጠራ ግን ከጀሞ፣ ከቃሊቲ፣ ከየት ከየት ሁለት ታክሲ ይዞ ስለማይጠቀምበት ደረጃ ሊመክር የሚመጣ ባለቤት የለም። እዚያው ያለነው ተከራዮች ደግሞ አባል አይደለንም። ደረጃውን በቀን አራት ጊዜ የምንረግጠው ሰዎች ስለ ደረጃው የምንናገርበት ወንበር የለንም ማለት ነው።

ነገሬም ስለዚሁ ደረጃ ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ፎቅ በሚወስደው ላይ የእጅ መደገፊያው ብረት ከጠፋ ዓመት አልፎት ነበር። ማን እንደነቀለው አይታወቅም፤ እንዳልኩት ብረቱ «ተነቀለ»። መጀመሪያ አንዱ እግሩ ላላ። ልጆች ተንጠለጠሉበት፣ ሶፋ የሚያወጡ ወዛደሮች ገፉት፣ አንድ ቀን ጠዋት ስንነሣ የለም። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ያለው ክፍት አየር ነው። ሲመሽ አምፖሉም «ስለተቃጠለ» በግድግዳው በኩል እየዳሰሱ መውጣት ነው።

አራተኛ ፎቅ ላይ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴትዮ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸውም ተከራይ ናት። ጉልበታቸው ደክሟል። ብረቱ ከጠፋ ወዲህ አልወረዱም። ቤተ ክርስቲያን ቀረ፣ የወር ማኅበራቸው ቀረ። ጾም ሊገባ ሰሞን የልጅነት ጓደኛቸው ሞቱና ለቅሶ ሳይደርሱ ቀሩ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። «እንግዲህ የምወርደው አራት ሰው ተሸክሞኝ ነው» አሉኝ አንድ ቀን፣ በራቸው ላይ ቆመው። ቀልዳቸውን ነበር። መታጠፊያው ለሳጥን እንደሚጠብ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከጎን ብሎክ ሬሳ ሲወርድ አይተናል።

ብየዳ ቤት ሄደን ዋጋ ጠየቅን። ለሃያ አራት ቤት ሲካፈል ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያነሰ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እያልን ያደግን ሰዎች ነንና በሁለት ቀን ያልቃል ብዬ ነበር በር ማንኳኳት የጀመርኩት።

የሦስተኛ ፎቁ ወጣት ጨዋ ልጅ ነው። አስገባኝ፣ ቡና አፈላልኝ፣ ገንዘቡን ግን አልሰጠኝም። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ይሄ ቤት የኔ አይደለም» አለኝ። «ውጣ ብባል እወጣለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? በፊት የነበርኩበት ቤት ኩሽናውን በገንዘቤ ሴራሚክ አስለበስኩት። አከራዬ መጥተው አዩና ‹እንዴ፣ ቤቱ አምሮበታል እኮ!› ብለው በወሩ ኪራይ ጨመሩ። በገዛ ገንዘቤ በራሴ ላይ ኪራይ አስጨመርኩ። አሁን ደግሞ ደረጃቸውን ላሳምርላቸው?»

ይህን ክርክር በአንድ ቃል የሚጥል ካለ ይምጣ። እኔ አልቻልኩም፤ ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ልጁ ስስታም አይደለም። ያስተማረው የተከራይነት ኑሮ ነው፤ ትምህርቱም «የምትኖርበትን ነገር አትውደድ፣ ያስከፍልሃል» የሚል ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ፣ ጭማሪውም መንግሥት በዓመት አንዴ ከሚያስታውቀው እንዳያልፍ ደንግጓል። ይህ ፍርሃቱን ያቀልለታል፣ አልክድም። ግን ከቤት ቤት ሲንከራተት የኖረ ሰው ልብ በአንድ አዋጅ አይረጋም።

ልጁ ለአንድ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሰጥቷል። «የማን ነው?» ካላችሁት፣ የእኔ አይደለም። እውነት ነው። ነገር ግን «የማን ነው?» እና «ማን ይወድቅበታል?» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ካርታና ውል የመጀመሪያውን ይመልሳሉ፤ ለሁለተኛው መልስ የላቸውም። በከተማችን ክዳኑ የተወሰደ የመንገድ ጉድጓድ ያየ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ቅርንጫፍ ቆርጦ ይተክልበታል፣ ወይም ድንጋይ ደርድሮበት ያልፋል። አስፋልቱ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። «ከንቲባው ይትከል» ብሎም አይሄድም። የሚቀጥለው ሰው በጨለማ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ብቻ ነው። ቅርንጫፍ ነፃ ነው፣ ብረት ግን ገንዘብ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ልዩነቱ ግን የዋጋ ነው እንጂ ግዴታ በመኖሩና ባለመኖሩ መካከል አይደለም።

ከዚህ የበረታብኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። ተከራዩ ከጠገነ፣ ባለቤቱ ቸልተኝነት እንደሚያዋጣ ይማራል። ደጋችን በበዛ ቁጥር የእሱ ግዴታ ይቀልለታል። ይህ እውነት ስለሆነ ነው «ዝም ብለን እንክፈል» የሚለውን የማልወደው። ከፍሎ መጠየቅ አለ። ሂሳቡን ጽፎ፣ ደረሰኝ ይዞ፣ «ይህ የእርስዎ ድርሻ ነበር» ማለት አለ። «እነሱ ካልከፈሉ እኔም አልከፍልም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኛና ባለቤቶቹ ስንጠባበቅ በመሐል የሚከፍል ሰው አለና። ያን ዓመት ሙሉ የከፈሉት እማማ ናቸው።

የአርስቶትልን «ፖለቲካ» ያነበበ፣ የብዙ ሰው የሆነ ነገር ከሁሉ ያነሰ እንክብካቤ ያገኛል የሚለውን ሐሳቡን ያስታውሳል። የፕላቶንን የጋራ ንብረት ሲተች ነው ያመጣው። የእኛን ደረጃ አይቶ የጻፈው ይመስላል! እኔ ግን ይህን ሐሳብ ተማሪዎቼ ፊት ሳነሣ እንኳ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር፤ እድር። የእድር ድንኳን የማን ነው? የሁሉም ነው። ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑ የሁሉም ነው። ታዲያ ለምን አይጠፋም? ስለሚቆጠር ነዋ! ከለቅሶ ቤት ሲመለስ አንድ ሳህን ቢጎድል የማን ቤት እንደጎደለ ይታወቃል፣ የሚከፍለውም ይታወቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያፍረው ሰው ይታወቃል። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት በመውሰድ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን የፈጀችው ይህን በማጥናት ነው። የስዊዝ ተራራ ግጦሽ፣ የጃፓን መንደር ደን፣ የስፔን መስኖ፤ የጋራ ሆነው ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይጠፉ የቆዩ። ያገኘችው ነገር ለእድር ዳኛ አዲስ አይደለም። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንቡን ካወጡ፣ ራሳቸው ከጠበቁ፣ ያጠፋውንም ራሳቸው ከቀጡ የጋራ ነገር ይኖራል።

እኛ ሕንፃ ውስጥ የጎደለው ይኸው ነው። ብዙዎቻችን የእድር አባል ነን፣ ግን በድሮ ሰፈራችን እድር። ቀብራችን ካዛንቺስና ተክለ ሃይማኖት ነው፤ ደረጃችን ብቻ እዚህ ነው።

አንዳንዱ «ታዲያ ቤቱ የተከራዩ ቢሆን ይስተካከል ነበር» ይላል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን መንግሥት ሲወርስ ተከራዩ ከአከራይ ፍርሃት ወጥቷል። ኪራዩ ወርዷል፣ ውጣ የሚለው የለም። የቀበሌ ቤቶቹ ጣራ ግን በዚያ አልታደሰም። በጥቂት ብር ኪራይ ቀበሌው ማደስ አይችልም፣ ነዋሪውም ያለ ፈቃድ ቆርቆሮ ቢቀይር ያስጠይቀዋል። እና ቤቱ ከነነዋሪው አረጀ። ከዚያ የተረፈኝ ትምህርት፣ ባለቤቱን መቀየር ብቻውን ብዙ አያደርግም የሚል ነው። የሚኖርበት ሰው እንዲጠግን መብትም ምክንያትም ሊኖረው ይገባል።

አከራዬን ደወልኩላቸው። ለብረቱ የማወጣውን ከኪራዩ ልቀንስ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «መምህር» አሉኝ፣ «እኔ ያለሁበት ግቢ የሽንት ቤቱ በር ከወደቀ ቆይቷል። በአንሶላ ነው የምንጋርደው። ባለቤቱን ብጠይቃቸው ‹እናንተው አሠሩት› አሉኝ።» ከዚያ ግማሹን እንድቀንስ ፈቀዱ። ግማሹ ከእሳቸው ብዙ ነው፤ ተቀበልኩ።

ከሃያ አራቱ አሥራ አራት ቤት ከፈለ። የሦስተኛ ፎቁ ልጅ እስከ መጨረሻው በአቋሙ ጸና። ሲወጣ ሲወርድ ግን ብረቱን እንደ ማናችንም ይይዘዋል፤ እኔም አይቼ አላየሁም። እማማ በመጀመሪያው እሑድ፣ በልጃቸው ክንድና በብረቱ መሐል ሆነው፣ በየመታጠፊያው እያረፉ ወረዱ።

በሁለተኛው ሳምንት መግቢያው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። «ኮሚቴው ሳያውቅ በጋራ ንብረት ላይ ብረት የበየዳችሁ ተከራዮች በሦስት ቀን ውስጥ ቀርባችሁ እንድታስረዱ።» እዚያ ሕንፃ ውስጥ ከኖርኩ ጀምሮ አድራጊው በግልጽ የተጠራበትን ማስታወቂያ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ሆነን ሄድን። በማን ፈቃድ አሠራችሁ ተባልን፣ አስረዳን፣ ደረሰኙን አሳየን። ሊቀ መንበሩ ደህና ሰው ናቸው፤ ደረሰኙን ገልብጠው አዩና ወደ ፋይላቸው ከተቱት። ከመጣን አይቀር የፓምፑን ነገር አነሣን። በአጀንዳ እንደሚያዝ፣ ተከራይ ግን በስብሰባው ላይ ድምፅ እንደሌለው ተነገረን። መዋጮ መክፈል እንችል እንደሆነ ጠየቅን። እሱ ይቻላል አሉን።