«አሸነፍን» ያልነው እነማን ነን?

ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን በባሕር ዳር ስታዲየም የኮትዲቯርን ቡድን 2 ለ 1 ረታ። ያን ዕለት ማታ በከተማይቱ ጎዳናዎች ላይ ወደ ጣና ዳር ሲተም ከነበረው ሕዝብ አንደበት የሚሰማው ቃል አንድ ነበር፤ «አሸነፍን!» ሜዳ የገቡት 11 ናቸው፤ ተቀያሪዎቹ ቢታከሉም ከ14 አያልፉም። «አሸነፍን» ያለው ግን የታንኳ ቀዛፊው፣ የባጃጅ ነጂው፣ ከስታዲየሙ ደጃፍ እንኳ ያልደረሰው መምህር፣ ይህን የሚጽፈውም ሰው ጭምር ነው። እንግዲህ ያላደረግነውን ድል አደረግነው ማለታችን እውነት ነው ወይስ ሐሰት?

ቋንቋችን ለዚህ ድፍረት የተመቸ ነው። «እኛ» የሚለው ቃል ራሱን ችሎ መቆም ሳያስፈልገው ከግሱ ጭራ በአንዲት «ን» ተጣብቆ ይገባል፤ «አንተ ደግሞ ማነህ?» ብሎ የሚያስቆመው በረኛ የለም። ቡድኑ በተረታ ማግስት ደግሞ ያቺው «ን» ትጠፋና «ተሸነፉ» ይባላል። ከባለቤትነት ወደ ባዕድነት የምንሻገረው በአንዲት ፊደል ነው። ገጣሚ ነኝና ፊደል ይቈጠቍጠኛል።

አንዳንድ የተማሩ ወገኖች ጉዳዩን በአጭሩ ይዘጉታል። የተመልካች ደስታ ሌላው ሲበላ አይቶ እንደ መጥገብ ነው ይላሉ። አነጋገሩ ያምራል፤ ነገር ግን አይበቃም። በዚህ ሚዛን ከሆነ «ዓድዋ ላይ ድል አደረግን» እያለ የሚያስተምር መምህርም ተማሪዎቹን ይዋሻል፤ እርሱ በቦታው አልነበረምና። ሰው ያልዋለበት ድል የራሱ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት በምን ዋጋ እንደሆነ ነው።

ለዚህ የአባቶቻችን ልማድ ፍንጭ ይሰጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ልብ እንበል፤ ጌታው በፈረሱ ስም ተጠራ እንጂ ፈረሱ በጌታው ስም አልተጠራም። «አባ» ማለትም አባት ማለት ነው። አባት የሆነ ሰው ፈረሱ ሲቀድም ብቻ ሳይሆን ሲደናቀፍም አባትነቱ አይቀርም፤ አብሮ ይወድቃልና። ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የሚዘክረው ዓድዋ የዘመቱትን ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ፈረሶቹንም ነው። «አሸነፍን» የማለት መብትም እንዲሁ የሚገኘው «ተሸነፍን» ለማለት ከማያፍር አንደበት ይመስለኛል።

በሌላው ዓለም ከ1912 (እ.ኤ.አ.) የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ጀምሮ «ድሬሳዥ» የሚባል የፈረስ ውድድር አለ። ፈረሱ እርምጃውን፣ ሶምሶማውንና ግልቢያውን በልክ ያሳያል፤ ዳኞች ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። የብሔራዊው ቡድን ውጤት ሲነገር ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለባል፣ የሀገሩም ሰው «አሸነፍን» ይላል። ፈረሱ ብቻ ዝም ይላል። ላቡ የእርሱ ነው፤ «እኛ» የሚለው ቃል ግን አልተሰጠውም። (የእኛም ተጫዋቾች ከድል በኋላ ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነው፤ ብዙ የምንናገረው ያላብነው ነን።)

ጥያቄውን እስከ ጥግ የገፋችው መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ናት። ቡድናችን አቢጃን ላይ 3 ለ 1 እየተመራ ሳለ ዳኛው ታመው ወደቁና ጨዋታው በ80ኛው ደቂቃ ገደማ ተቋረጠ። ማዳጋስካርና ኒጀር ደግሞ ያለ ግብ ተለያዩ፤ ኢትዮጵያም በ9 ነጥብ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። የተረታንበት ቀን የጭፈራ ቀን ሆነ። «ተሸነፍን» ያለ ሰው አልሰማሁም፤ ሁሉም «አለፍን» አለ። በዚህ የሚያፌዝ አለ፤ እኔ አላፌዝም። ነጥቡ ከሰማይ አልወረደም፤ 3ቱ የዚያች የኅዳር ቀን ፍሬ ነበሩ፤ ሌሎች 3ቱም ከስድስት ቀን በፊት እዚሁ ባሕር ዳር ማዳጋስካር 4 ለ 0 ሲረታ የተገኙ ናቸው።

ቅር ያለኝ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ሀገራችን በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ማን ከ«እኛ» እንደሚወጣ ሲቈጥሩ የዋሉ ሰዎች ማታ በአንዲት «ን» ተቃቀፉ። መተቃቀፉ ሐሰት ነበር ለማለት አልደፍርም፤ እኔም ውስጡ ነበርሁ። ግን ኳስ ያበደረንን «እኛ» በማግስቱ መለስነው፤ ከጭፈራው በኋላ ያ ቈጠራ ካቆመበት ቀጠለ።

መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር ላይ 3 ለ 1 ረታን። ብዙም ሳይቆይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሙ መስፈርት አያሟላም ብሎ አገደው። ቡድኑም ባለሜዳ እየተባለ ጋናን በጆሃንስበርግ፣ ግብፅን በሊሎንግዌ ለማስተናገድ ተገደደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅ 2 ለ 0 ስትረታ እኛ ጣና ዳር ከአንድ ቡና ቤት ተቀምጠን በቴሌቪዥን እናይ ነበር። አንድ ወጣት ከወንበሩ ተነሥቶ «አሸነፍን!» አለ፤ እኔም አልሁ። ከጎናችን የነበሩ አንድ አዛውንት ስኒያቸውን አስቀምጠው፣

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ሜዳው የታገደ ለታ ምን ብለህ ነበር?» ሲሉ ጠየቁት።

ወጣቱ ጥቂት አሰበ።

«‹ታገዱ› ነበር ያልኩት፣ ጋሼ» አለ።