የአዲስ ፍሬ ምስጋና እና የጠፋው ወቅት

የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ በዕብራይስጥ ስሙ ሮሽ ሃሻና፣ ብዙውን ጊዜ በመስከረም የሚውልና ሁለት ቀን የሚከበር በዓል ሲሆን፣ በሁለተኛው ሌሊት ማዕድ ላይ በዚያ ወቅት ገና ያልተቀመሰ ፍሬ ማቅረብ በብዙ ማኅበረሰቦች ዘንድ የጸና ልማድ ነው። ፍሬው አብዛኛውን ጊዜ ሮማን ነው፤ በእስራኤል ምድር ሮማን የሚበስለው በዚሁ ሰሞን በመሆኑ፣ ተፈልፍሎ ከበለስ፣ ከወይን፣ ከእሸት ተምርና ከፖም ጋር ለበዓሉ በሚዘጋጀው የፍራፍሬ ሰላጣ ውስጥ ይገባል። የገበታ ማሳመሪያ ብቻ የሚመስለው ይህ ልማድ ግን መነሻው አንድ የሕግ ጥርጣሬ ነው። በዓል በገባ ቁጥር የሚቀርብ፣ ሼሄኼያኑ የሚባል አጭር ምስጋና አለ፤ ይዘቱም እግዚአብሔር በሕይወት ስላኖረ፣ ስለደገፈና እዚህ ጊዜ ላይ ስላደረሰ ማመስገን ነው። የሮሽ ሃሻናን ሁለት ቀናት የታልሙድ (የአይሁድ ጥንታዊ የሕግ ክርክር ስብስብ) ሊቃውንት እንደ አንድ ረጅም ቀን ስለቈጠሯቸው፣ በመጀመሪያው ሌሊት የቀረበውን ምስጋና በሁለተኛው መድገም የፈጣሪን ስም በከንቱ መጥራት እንዳይሆን ተሰጋ። አዲስ ፍሬ በራሱ ያንኑ ምስጋና የሚያስከትል በመሆኑ፣ ፍሬውን ፊቱ አድርጎ ወይም አዲስ ልብስ ለብሶ የሚያመሰግን ሰው፣ ሌሊቱ እንደ አዲስ በዓል ቢቈጠርም ባይቈጠርም፣ ቃሉ ከንቱ አይሆንም። ዮሴፍ ካሮ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1565 በቬኒስ የታተመው ሹልሃን አሩኽ የተባለው የሕግ መጽሐፍ ይህንኑ መንገድ ይመክራል።

መፍትሔው ብልሃት ያለው ቢሆንም፣ ከበስተኋላው ያለው ጥያቄ ከመፍትሔው ይልቅ የከበደ ነው። አንድ ሮማንና አንድ ታላቅ በዓል በአንድ ዓይነት ቃል የሚመሰገንባቸው በምን ምክንያት ነው? ታልሙድ ስለ ሰንበት ወሰኖች በሚናገረው ኤሩቪን በተባለው ክፍሉ፣ በሮሽ ሃሻናና በስርየት ቀን ይህ የጊዜ ምስጋና ይቀርብ እንደሆነ ሲከራከር፣ ራቭ ይሁዳ የተባለው የባቢሎን ሊቅ እርሱስ አዲስ ቅል ባየ ጊዜ እንኳ ይህን ምስጋና እንደሚያቀርብ ይመልሳል። ጠያቂውም ስለ ተፈቀደው ሳይሆን ግዴታ ስለሆነው መጠየቁን ያስረዳል። ከዚህ አጭር ምልልስ ሁለት ነገር ይገኛል፤ አንደኛው፣ በፍሬ ላይ የሚቀርበው ምስጋና በመነሻው የፈቃድ እንጂ የግዴታ አለመሆኑ ነው፤ ሁለተኛውና የሚበልጠው ደግሞ፣ በሊቃውንቱ አስተሳሰብ በዓልና ቅል የሚዛመዱት ሁለቱም ሄደው የሚመለሱ በመሆናቸው ነው። ቅሉ ከበዓሉ ጋር በአንድ ሚዛን የገባው ስላልነበረና ስለመጣ ነው፤ ጣዕሙ ወይም ዋጋው እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

በአይሁድ ሕግ ፍሬ ከመበላቱ በፊት ከዚህ የወቅት ምስጋና ሌላ የዘወትር ቡራኬ ይቀርብበታል፤ ምድርን የሚመለከት አንድ ሐሳብም በዚህ ቡራኬ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። ስለ ቡራኬዎች የሚናገረው ብራኾት የተባለው ክፍል ሁለት የመዝሙር ቃላትን ያጋጫል፤ በዕብራይስጡ ቁጥር 24ኛው፣ በግእዙ 23ኛው መዝሙር ምድርና ሞላዋ የእግዚአብሔር መሆኗን ሲናገር፣ በዕብራይስጡ 115ኛው መዝሙር ደግሞ ምድርን ለሰው ልጆች እንደሰጠ ይናገራል። ሊቃውንቱ ግጭቱን የሚፈቱት የመጀመሪያው ቃል ከቡራኬ በፊት ላለው፣ ሁለተኛው ከቡራኬ በኋላ ላለው ሁኔታ የተነገረ ነው በማለት ነው፤ ሳያመሰግን የሚበላ ሰው ስለዚህ ለቤተ መቅደስ ከተለየ ንዋይ እንደተጠቀመ ይቈጠራል። በዚህ አመለካከት ፍሬ የገዛውም ሆነ ያለማው ሰው ገና ባለቤት አይደለም። ባለቤትነቱ የሚጸናው በቃል ነው፤ ያም ቢሆን ለዚያች ጉርሻ ብቻ። ስለ ንብረት ብዙ የተጻፈበት የፍልስፍና ክርክር ይህን ያህል በቀላሉ አፍ ላይ የሚገኝበት ሌላ ስፍራ ጥቂት ነው።

ሰላጣው ችግር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የዘወትሩ ቡራኬ የዛፍን ፍሬ ከምድር ፍሬ ይለያል፤ ሮማን፣ ወይን፣ በለስና ፖም የዛፍ ሲሆኑ፣ ሐብሐብ፣ አናናስና ሙዝ የምድር ናቸው። ሙዝ ቁመቱ ዛፍ ቢያስመስለውም፣ አንድ ጊዜ አፍርቶ የሚደርቅ ግንድ ያለው ተክል በመሆኑ ሹልሃን አሩኽ ከምድር ፍሬዎች ይመድበዋል። ፓፓያ የበለጠ አከራክሯል፤ ግንዱ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ከተተከለ ብዙም ሳይቈይ የሚያፈራና ቶሎ የሚደክም ነው። ጉዳዩም ከቡራኬ ያልፋል፤ ፓፓያ ዛፍ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ፍሬው በኦሪት ሕግ ስለሚከለከል፣ ገበሬ ደግሞ ተክሉን ብዙ ጊዜ ከዚያ ብዙም አልፎ ስለማያቈየው፣ ሕጉ ፍሬውን ከገበታ ሊያስወጣው ጥቂት ይቀረዋል። ብዙ የሃይማኖት ሕግ ዳኞች የምድር ፍሬ ነው ማለታቸው ለበላተኛው ደግ ሆኖለታል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሲቀላቀሉ፣ ሕጉ ዋና እና ተከታይ የሚባል ሥርዓት ያመጣል፤ ዋናው ቡራኬ ይቀርብበታል፣ ተከታዩም በእርሱ ይሸፈናል። ቁርጥራጮቹ ደቀው አንድ ምግብ ከሆኑ በመጠን የሚበዛው ዋና ይሆናል፤ በሹካ አንድ በአንድ የሚነሡ ትልልቅ ቁርጦች ከሆኑ ግን እያንዳንዱ ወገን የራሱን ቡራኬ እንዲያገኝ የሚሹ ሊቃውንት አሉ። ለዚህ ውስብስብ ነገር ሚሽና፣ ማለትም ታልሙድ የሚያብራራው የ3ኛው መቶ ዘመን የሕግ ስብስብ፣ አንድ ማረፊያ ይሰጣል፤ በዛፍ ፍሬ ላይ የምድርን ቡራኬ ያቀረበ ሰው ግዴታውን ፈጽሟል፣ በምድር ፍሬ ላይ የዛፍን ያቀረበ ግን አልፈጸመም። ዛፍም የምድር ነውና ሰፊው ቃል ጠባቡን ያቅፋል፤ ጠባቡ ሰፊውን ሊያቅፍ አይችልም። የአዲስ ዓመቱን ሰላጣ ለሚያዘጋጅ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው አንድ ተግባራዊ ነገር ነው፤ አዲሱ ፍሬ ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው በሳህን ይቀርብ፣ ይታይ፣ ይመስገንበትና ይቀመስ። በብዛት ሕግ የተሸነፈ ሮማን የፖም ተከታይ ሆኖ ይቀራል፤ የዓመቱ እንግዳ በሳህኑ ውስጥ ስሙ ሳይጠራ ያልፋል።

የማዕዱን ጥያቄ ወደ ፍልስፍና የሚወስደው ግን አዲስ የሚለው ነገር ትርጓሜ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በክራኮቭ የኖረው ሞሼ ኢሰርለስ፣ በሹልሃን አሩኽ ላይ ባከለው ማስታወሻ፣ ከዓመት ወደ ዓመት የማይታደስ ፍሬ ከተበላ ረጅም ጊዜ ቢያልፈው እንኳ የጊዜ ምስጋና እንደማይቀርብበት ይደነግጋል። ስለዚህ አንድ ሰው ሙዝን ለሦስት ዓመት ሳይቀምስ ቢቈይ፣ የእርሱ ናፍቆት ሙዝን አዲስ አያደርገውም። የሕጉ አዲስነት የሰው ትዝታ ወይም ስሜት ሳይሆን የዓለም ሥራ ነው፤ ፍሬው ከዛፉ ጠፍቶ በጊዜው መመለስ አለበት። ምስጋናው የሚናገረው ግን ስለ ፍሬው ሳይሆን ተመልካቹ ሰው እዚህ ጊዜ ላይ ስለ መድረሱ ነው፤ ይህ አንዳች ጥንቃቄ ያለበት አነጋገር ነው። ዛፉ ይመለሳል፤ ሰው ደግሞ የዛፉ መመለስ ምን ያህል እንደኖረ የሚነግረው ፍጡር ነው።

የማቀዝቀዣ መጋዘን ይህን ሥርዓት ሳያስታውቅ አፍርሶታል። የፖም ፍሬ፣ በመጋዘኑ አየር ያለው ኦክስጅን ከ21 በመቶ ወደ 1 እስከ 3 በመቶ ሲቀነስና ቅዝቃዜው ወደ በረዶ ነጥብ ሲጠጋ ትንፋሹ ስለሚቀንስ፣ ከዚህ መከር እስከሚቀጥለው መከር ሊቈይ ጥቂት ይቀረዋል። ከደቡባዊው የምድር ክፍል የሚመጣው ጭነትም ክረምትና በጋን በአንድ የገበያ መደርደሪያ ላይ ያገናኛል። በዘመናችን ብዙ ዳኞች በዚህ የተነሣ ዓመቱን ሙሉ በሚገኝ ፍሬ ላይ የጊዜ ምስጋና እንዳይቀርብ ወስነዋል፤ ውሳኔያቸውም ከአሮጌው ደንብ የተወለደ ነው። የገበያው መልስ ሌላ ሆኗል። በበዓሉ ዋዜማ የእስራኤል ሱቆች እንደ ሊቺና የከዋክብት ቅርጽ ያለው ካራምቦላ ያሉ እንግዳ ፍሬዎችን ይደረድራሉ፤ ሰውም የማያውቀውን ፍሬ ገዝቶ ምስጋናውን ያቀርባል። ይህ ደንቡን የሚጥስ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም ከቅሉ መመለስ የተነሣ ምስጋና ወደ ብርቅ ነገር ፍለጋ መዞሩ መንፈሱን ሳያደበዝዘው አይቀርም፤ የዳኞቹ መከልከል ከሱቁ መደርደሪያ ይልቅ ለጥያቄው የታመነ ነው።

ለዚህ ክርክር የኢትዮጵያ መጻሕፍት የሚያቀርቡት ምስክር አለ። በዘሌዋውያን 19 መሠረት አዲስ የተተከለ ዛፍ ፍሬ ሦስት ዓመት አይበላም፤ የአራተኛው ዓመት ፍሬ ቅዱስ ነው፤ ሰው የሚበላው በአምስተኛው ነው። ሙሉው ጽሑፍ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረውና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በኢትዮጵያ አይሁድ፣ በቤተ እስራኤልም ዘንድ የተከበረው መጽሐፈ ኩፋሌ፣ ይህን ሕግ ከሙሴ በፊት ኖኅ እንደጠበቀው ያስተምራል። ኖኅ በሉባር ተራራ ወይን ተክሎ፣ በአራተኛው ዓመት ፍሬውን ለቅሞ ወይን አድርጎ፣ እስከ አምስተኛው ዓመት የመጀመሪያ ወር መባቻ ድረስ አስቀምጦ፣ በዚያ ቀን በደስታ በዓል አደረገ። ፍሬ፣ አዲስ ዓመትና በዓል እዚህም ተገናኝተዋል፤ አንድ ልዩነት ግን አለ። የኖኅ ፍሬ አልጠፋም፤ በጓዳው ተቀምጧል። አዲስ የሚያደርገው የወቅት ዑደት ሳይሆን ትእዛዝን ጠብቆ መታገሥ ነው።

ሁለቱ መንገዶች በኢትዮጵያ ሕይወትም ይታያሉ። በክርስቲያኑ ጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲከለከሉ ፍሬ አይከለከልም፤ ስለዚህ በትንሣኤ ማለዳ አዲስ የሚሆነው ዶሮ ወጡ እንጂ ሙዙ አይደለም። ከብቱ ከጎረቤት በረት አልጠፋም፤ ማኅበሩ በአንድነት ስለተወው ግን በበዓሉ ቀን በእርግጥ ይመለሳል። ቤተ እስራኤል ከብሉይ ኪዳን ኦሪትና ከኩፋሌ ጋር እንጂ ከታልሙድ ጋር ሳይኖሩ ለዘመናት በመቈየታቸው፣ የአዲስ ፍሬን የሊቃውንት ደንብ በዚህ ዝርዝር መልክ የተቀበሉት ከሌላው የአይሁድ ዓለም ጋር ከተገናኙ በኋላ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል ከተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ወዲህ ነው። የኩፋሌ ትምህርትና የሮሽ ሃሻና ሮማን ስለዚህ በአንዳንድ ቤት በአንድ ገበታ ላይ መገናኘት ችለዋል።

አንድ ሰው ለብቻው የኖኅን መንገድ ቢከተል፣ ማለትም ከበዓሉ ቀደም ብሎ ለወራት ፖም ቢተው፣ የኢሰርለስ ደንብ ምስጋናውን አይሰጠውም። ደንቡ ጨካኝ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ የግል ናፍቆት በቂ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ዓመት ይኖረው ነበር፤ በዓል ግን የጋራ ነው። ፍሬን ስለ መተው ደግሞ የኢየሩሳሌም ታልሙድ፣ ሰው ዓይኑ አይቶት ሳይበላ ስለ ተወው መልካም ነገር ሁሉ መልስ እንደሚጠየቅበት ከተናገረ በኋላ፣ ራቢ ኤልዓዛር ይህን ቃል በመፍራት ሳንቲም እያጠራቀመ ከያንዳንዱ የፍሬ ዓይነት በዓመት አንድ ጊዜ ይበላ እንደነበር ይተርካል። በዘመኑ ድሃ ሰው ፍሬ ለመቅመስ ማጠራቀም ነበረበት፤ በዛሬው ከተማ ግን የሚያጠራቅመው ሳንቲም ሳይሆን ትኩረት ይመስላል።

የኋለኞቹ ሊቃውንት አንድ መለኪያ ጨምረዋል፤ ተከማችቶ የሚቈየው አሮጌውና የአሁኑ አዲሱ በዓይን ወይም በአፍ የማይለዩ ከሆነ ምስጋና አይቀርብም፤ የሚለዩ ከሆነ ግን ይቀርባል። በዚህ መለኪያ የመጋዘን ፖም ከመከር ፖም ስለማይለይ ዕጣውን ለቅቋል። በቅዝቃዜ በረዶ የሆነ ሮማን በከረጢት ዓመቱን ሙሉ ቢሸጥም፣ በመስከረም ከዛፉ የወረደውና በቢላ ሲከፈል ጭማቂው የሚፈነጥቀው ሮማን ግን በማንም እጅ ይለያል፤ ለሁለተኛው ሌሊት ገበታ የሚመረጠውም እርሱ ነው።