ሥልጣንን ስለ መሻትና ስለ እውነተኛዪቱ እናት

ሥልጣንን መሻት ኃጢአት ነውን? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ አስቀድሞ የፈላጊውን ልብ ይመርምር። ጎቶልያ ለመንገሥ ስትል የንጉሥን ዘር አጠፋች፤ አስቴር ግን ዘውድዋን ለወገኖችዋ መዳን አዋለችው። ሁለቱም ንግሥታት ነበሩ።

የመስቀል ጦረኞች በኢየሩሳሌምና በአንጾኪያ በገዙበት ዘመን የነበሩ ሁለት እኅትማማች ይህንኑ ያስረዱናል፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባታቸው የኢየሩሳሌም ንጉሥ ዳግማዊ ባልድዊን፥ እናታቸው ከአርመን ወገን የተወለደችው ሞርፍያ ነበሩ። ታናሺቱ አሊስ፥ ባልዋ የአንጾኪያ መስፍን ቦሄሞንድ በ1130 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ፥ ወራሺቱን ሕፃን ልጅዋን ቆንስጣንስን ወደ ጎን ትታ ለራስዋ ልትገዛ ተነሣች። ከሐለብ ገዥ ከዘንጊ ጋር ለመዋዋል የላከችው መልእክተኛ ግን ተያዘ፤ አባትዋም ምሮ ከአንጾኪያ አስወጣት። በ1136 ዓ.ም. ደግሞ አገባዋለሁ ብላ ተስፋ ያደረገችው ሬይሞንድ ያችኑ ልጅዋን አገባ።

የታላቂቱ የሜሊሴንድ ነገር ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። አባትዋ በ1131 ዓ.ም. ሲሞት መንግሥቱን ለእርስዋ፥ ለባልዋ ለፉልክና ለሕፃኑ ለልጅዋ ለባልድዊን በአደራ ሰጠ። ፉልክ ብቻውን ሊገዛ ቢወድም ድርሻዋን አስከበረች፤ አደራን መጠበቅ ነውና ነቀፋ የለበትም። ርስታቸውን አንድ የላቲን ፈረሰኛ የተከራከረባቸው የሶርያ ኦርቶዶክስ መነኮሳትም በእርስዋ ረዳትነት መሬታቸውን አስመልሰዋል። ፉልክ በ1143 ዓ.ም. ሲሞት ከ13 ዓመት ልጅዋ ጋር ዘውድ ጫነች።

ፈተናው የመጣው ልጁ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ነው። ሥልጣኑን አለቅም ስላለች በ1152 ዓ.ም. መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ኢየሩሳሌምና ናብሉስ ለእናት፥ ዓኮና ጢሮስ ለልጅ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ልጅ እናቱን በዳዊት ግንብ ከበባት፤ በዚህም እርሱ ራሱ ከነቀፋ አያመልጥም።

አንባቢ ሆይ፥ አስተውል! ሰሎሞን ስለ አንድ ሕፃን በተከራከሩ በሁለት ሴቶች መካከል የፈረደው በዚያችው ከተማ ነበር። እውነተኛዪቱ እናት የታወቀችው ሕፃኑን አጥብቃ በመያዝዋ አይደለም፤ ከሚከፈል ለባላንጣዋ ይሰጥ በማለትዋ ነው እንጂ። ሜሊሴንድ መብትም ጥበብም ነበራት፤ ይሁን እንጂ መንግሥቱ ሲከፈል እያየች እጅዋን አልለቀቀችም። በመጨረሻ ተሸንፋ ወደ ናብሉስ ወረደች፤ ከልጅዋም ጋር ከታረቀች በኋላ በምክር ረዳችው። በግድ የለቀቀችውን አስቀድማ በፈቃድ ብትለቅ ኖሮ ያ ሁሉ ጦር ባልተመዘዘ ነበር።

ይህ ሚዛን ለሴቶች ብቻ የተሰቀለ አይደለም። የደብር አለቃም ሆነ የማኅበር ሹም፥ የቤት አባወራም ቢሆን፥ አደራው በእጁ ሳለ በትጋት ይጠብቅ፤ ጊዜው ሲደርስና መያዙ መንጋውን የሚከፍል ሲሆን ግን ለተተኪው ያስረክብ። ለሰሎሞን ማስተዋልን የሰጠ አምላክ ለእኛም ያድለን፤ አሜን።