ዓድዋ ብዬ የሞላሁት ቅጽ

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በትግራይ የጀመረው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር፤ አቃቂ ላይ ሰው ስንቅ ይሸምታል፣ በየደጁ ሬዲዮ ይጮኻል። አከራዮች ስለ ተከራዮቻችን እንድናሳውቅ ተነገረን። እኔም ሰርቪስ ቤቴን ለተከራየው የብየዳ ባለሙያ ቅጹን በእጄ ሞላሁለት። የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ «ዓድዋ» ብዬ ጻፍኩ። እሱ አጠገቤ ቆሞ የአያቱን ስም በትክክል መጻፌን ያይ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ማታ መጥተው ወሰዱት። ቡታጋዙ ላይ ሽሮ ጥዶ ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ ሰውን በዘሩ ለይቶ መያዝ በእርግጥ ከተማ ይጠብቃል? ግፍ መሆኑን ማስረዳት አያሻኝም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ አይነኩም ካላቸው መብቶች አንዱ በአንቀጽ 25 ያለው የእኩልነት መብት ነው። ይህን አልፌዋለሁ። የከበደኝ፣ ግፍም ሆኖ ይጠቅም እንደሆነ ነው።

አንቀጽ 25ን በቃሌ ያስጠኑኝ የሥነ ዜጋ መምህሬ ናቸው። በዚያ ሰሞን የሰፈር ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ጊዜው የጦርነት ነው፤ በጅምላ ካልተያዘ ሰርጎ ገቡ አይለይም» ሲሉ ሰማኋቸው። ተከትያቸው ወጣሁና «መምህር፣ ያስተማሩኝ ይህን ነበር?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ቃሊቲ ጉምሩክ ትራንዚተር አይደለህ? ኮንቴነሩን በመጣበት አገር ለይተው ቀይ ሲያወጡብህ ግፍ ነው ብለህ ታውቃለህ?»

መልስ አጣሁ። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም። በልጅነቴ ክፍል ውስጥ ያስቆሙኝ አንዲት ቃል ስስት ነበር፤ እሳቸው አንቀጹን በሙሉ ሳቱት።

ጥያቄው ግን ጥያቄ ነው። ዲክላራሲዮን ስናስገባ ሲስተሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ያወጣል። አረንጓዴው ያልፋል፣ የቢጫው ሰነድ ይመረመራል፣ ቀዩ ተከፍቶ ይፈተሻል። ከመለኪያዎቹ አንዱ ዕቃው የመጣበት አገር ነው። ሁሉን ኮንቴነር መክፈት ስለማይቻል መለየት ግድ ነው። ታዲያ ፈታሽ ሁሉን ሰው መፈተሽ ካልቻለ፣ የጠላት ደጋፊ ይበዛበታል ካለው ወገን ቢጀምር ምን ስሕተት አለው? ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ በታክሲ ስመላለስ የማስበው ይህንኑ ነበር።

መጀመሪያ በስሌት ልገላገለው ሞከርኩ። ከሚጠረጠረው ወገን በመቶ ሺህ ሰው መካከል ሃምሳ ሰላይ አለ እንበል። በአነጋገሩ የያዝኩት ሰው ሰላይ የመሆን ዕድሉ ከ2,000 አንድ ነው፤ 1,999ኙን በከንቱ አስሬአለሁ። መምህሬ ግን በሐሳቤ እየመጡ «ከሌላው ወገን ዕድል ይበልጣል» ይሉኛል። ይበልጥ ይሆናል። እዚህ ላይ ሳምንታት ቆምኩ።

መንገድ የከፈተልኝ የሙያዬ ነገር ነው። የአሜሪካ ጉምሩክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ በአየር ማረፊያ ከሚፈትሻቸው መንገደኞች መካከል ጥቁሮችና ላቲኖች ከድርሻቸው በላይ ይበዙ ነበር። መልክን ትቶ የሰውየውን ሁኔታና የጉዞውን መስመር ማየት ሲጀምር ፍተሻው በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ፤ ዕፅ የሚገኝበት ፍተሻ ድርሻ ግን ከእጥፍ በላይ አደገ። የኒው ዮርክ ፖሊስም እ.ኤ.አ. በ2011 ከ685 ሺህ ጊዜ በላይ ሰው መንገድ ላይ አስቁሟል፤ አብዛኞቹ ጥቁሮችና ላቲኖች ነበሩ፣ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉም ሳይታሰሩ ሳይከሰሱ ተለቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዳኛ ሺራ ሻይንድሊን አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ወሰኑ። ማስቆሙ እጅግ ቀነሰ፤ ግድያ ግን በተከታዩ ዓመት አልጨመረም።

ለምን? ኮንቴነር ቀይ እንደወጣበት አያውቅም። አይቀየምም፣ ስሙን አይቀይርም። ሰው ግን ያውቃል። ክፉ ያሰበው አነጋገሩ የማያስነቃ ሰው ይልካል፣ መታወቂያ ያሠራል፤ ምንም ያላሰበው ተከራዬ እዚያው ሽሮው አጠገብ ይገኛል። በሰፈሩ ፀጉረ ልውጥ ቢያይ ሊጠቁም ይችል የነበረውም እሱ ነው፤ ከእንግዲህ ማንን አምኖ ይናገራል? ደግሞም ቀይ የወጣበት ኮንቴነር ውጤቱ ይመዘገባል፤ ንጹሕ ከሆነ ይለቀቃል። ስለ ሰዎቹስ? የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል፣ አረጋውያንና ልጆች የያዙ እናቶችም እንዳሉበት በዚያው ሰሞን ገልጿል። መንግሥት ደግሞ የተያዙት በብሔራቸው ሳይሆን በሽብር የተፈረጀውን ድርጅት በመደገፍ ተጠርጥረው ነው አለ። እንግዲያው ስንት ሰው ተይዞ በስንቱ ላይ ምን እንደተገኘ ይዘርዘርልኝ። ለአንድ ኮንቴነር ጎማ የሚጻፈውን ያህል ወረቀት ለሰው መጠየቅ አይበዛም።

ተከራዬ ጥር ላይ ተፈታ። የብየዳ ማሽኑን በጋሪ ጭኖ ወጣ፤ ወዴት እንደሚሄድ አልነገረኝም። አዋጁ የካቲት 8 ተነሣ።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከአማራ ክልል ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ መንገደኞች ከመንገድ መመለስ ጀመሩ። መምህሬ ደወሉልኝ። የእህታቸው ልጅ ከአለልቱ ተመልሷል። «መታወቂያውን አይተው» አሉና ዝም አሉ። ኮንቴነሩን አላነሣሁባቸውም።

አንድ ነገር አልክድም። የታወቀ ሰው ከታወቀ ቦታ አምልጦ፣ ምስክር «አነጋገሩ እንዲህ ነው» ካለ፣ ፈታሹ ጆሮውን ይድፈን አልልም። ያ አንድን ሰው መፈለግ ነው። አንድን ሰው ከመፈለግ ሕዝብን ወደ መጠርጠር የሚያሻግረው ድንበር የቱ ጋ እንደሆነ ግን ለክቼ ልጨርሰው አልቻልኩም። ጦርነቱ ደጄ ቢደርስ ይህንኑ እንደምጽፍም አልምልም።

ቅጹ ዳግመኛ ቢመጣ የተከራዬን ስምና ስልክ እሞላለሁ። የትውልድ ቦታ የሚለውን ባዶ እተወዋለሁ፤ ለምን ብሎ ለሚጠይቀኝም ይህንኑ አነብለታለሁ።