ጨርቁን አታጥቢው

ልጄ፣ ትናንት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በቴሌግራም የላክሽልኝን ፎቶ መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አየሁት። ቢጫ፣ ለስለስ ያለ ካካ፤ ጠርዙ ላይ የእንቁላል ነጭ የመሰለ ንፍጥ፤ ንፍጡ ውስጥ ሦስት አራት ቀጫጭን የደም ክር። ከሥሩ «እትዬ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው?» ብለሽ ጽፈሻል።

ስደውልልሽ ስለ ደሙ አልጠየቅሁሽም። ጡት ጠባ ወይ? ትኩሳት አለው? አስመለሰው? ስታጫውቺው ይስቃል? «አሁን እኮ እግሩን እያወራጨ መብራቱን ያያል» ስትይኝ ልቤ ተመለሰ። 31 ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ እናቶች ሁሉ ዓይናቸውን የሚተክሉት ደሙ ላይ ነው። አንቺ ግን ከደሙ በፊት ልጁን እዪው። የሚጠባ፣ የሚስቅ፣ ኪሎው የሚጨምር ልጅ እስኪነጋ ጊዜ ይሰጥሻል። የደነዘዘ፣ የገረጣ፣ ጡት እንቢ ያለ ልጅ ጊዜ አይሰጥሽም።

አሁን ወደ አንቺ ልጅ ልምጣ። አራስ ቤት ሳለሽ፣ ያ ሁሉ ገንፎ በቅቤ ሲቀርብልሽ፣ ካካው ላይ ንፍጥ ይታይ እንደነበር ነግረሽኛል። በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሣ፤ አንቺም «የምታጠባ ትብላ» ብንልሽ አልሰማ ብለሽ ሁዳዴን ጾምሽ። በጾሙ ንፍጡ ጠፋ። ፋሲካ መጣና ወተቱም፣ ዓይቡም፣ ቅቤውም ተመለሰ፤ ንፍጡም ደም ይዞ ተመለሰ። ሳታውቂው ሐኪም የሚያዝዘውን ሙከራ በራስሽ ላይ ሠርተሻል። የአንዳንድ ሕፃን አንጀት በእናቱ ጡት በኩል የሚደርሰውን የላም ወተት ፕሮቲን አይወድም፤ ይቆጣና ይደማል። ልጁ ግን ደህና ነው፤ ያድጋል፤ አብዛኞቹም ዓመት ሲሞላቸው ይተዋቸዋል።

ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ማረጋገጡ የሐኪም ነው። እሱም ከተስማማ ከ2 እስከ 4 ሳምንት የወተት ዘር የሆነውን ሁሉ ትተሽ ታያላችሁ። ከዚያ መልሰሽ ትሞክሪዋለሽ፤ ደሙ ከተመለሰ ነገሩ ለየ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሥጋው አይከለከልም፤ ወተት ስታቆሚ ግን ስለ ካልሲየም ሐኪሙን ጠይቂው። ጡት ማጥባቱን እንዳታቋርጪ። አማትሽ «የፍየል ወተት ይሞከርለት» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ከፍቅር ነው፤ ግን የፍየሉ ፕሮቲን ከላሙ ጋር የቅርብ ዘመድ ስለሆነ አንዱን ያልወደደ አንጀት አብዛኛውን ጊዜ ሌላውንም አይወድም። ደግሞም ዓመት ላልሞላው ልጅ የከብት ወተት ማጠጣት ራሱ አንጀቱን በስውር እያደማ ደሙን ሊያሳንሰው ይችላል።

ሁሉም ደም ግን እንዲህ የዋህ አይደለም። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ላጫውትሽ። ገና ወጣት ነርስ ሳለሁ አንዲት እናት የ7 ወር ልጇን አምጥታ «ድንገት ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይጮኻል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ይገረጣል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጮኻል፤ ደምም አይቼበታለሁ» አለችኝ። የሽንት ጨርቁን አሳዪኝ ስላት ታጥቦ፣ ነጥቶ፣ ታጥፎ ነበር። አፍራ ነው ያጠበችው። እኔም አሜባ ነው ብዬ ሜትሮኒዳዞል ሽሮፕ ሰጥቼ ሸኘኋት። በማግስቱ ልጁ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ አረንጓዴ እያስመለሰ ተመለሰ። ጨርቁ ያን ቀን አልታጠበም፤ ላዩ ላይ እንጆሪ ማርማላታ የመሰለ የደምና የንፍጥ ድብልቅ ነበረበት። አንጀቱ፣ የሹራብ እጅጌ ወደ ውስጥ እንደሚገለበጥ፣ ራሱ ውስጥ ገብቶ ታንቆ ነበር። ቶሎ ቢደረስበት በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም በፊንጢጣ በኩል አየር ወይም ፈሳሽ በማስገባት ያለ ቢላ ይመለሳል። ለእሱ ግን ዘግይቶበት ነበርና ሆዱ ተከፈተ፤ ከአንጀቱም ተቆርጦ ወጣ። ልጁ ተርፏል። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእናትየዋ አልነበረም፤ ጨርቁ ባይኖርም የነገረችኝ ቃል ብቻውን ይበቃኝ ነበር። እየመጣ የሚሄድ ጩኸት፣ ማስመለስና መገርጣት ባንድነት ካየሽ፣ ደም እስኪመጣ እንኳ አትጠብቂ፤ ደሙ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

አሜባ ካልሁ አይቀር፣ እኛ አገር በካካ ላይ የታየ ደም ሁሉ አሜባ ይባላል። በሕፃናት ላይ ግን ከአሜባ ይልቅ በብዛት የሚገኘው ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። እሱ ሲሆን ልጁ ያተኩሳል፣ ቶሎ ቶሎ ያስቀምጠዋል፣ ያምጣል። መድኃኒቱን ጤና ባለሙያ በኪሎው መጠን ይሰጠዋል፤ ለሌላ ልጅ ታዞ የተረፈውን ሽሮፕ አታጠጪው። ባለሙያው ዚንክም ያዝዛል፤ ተቅማጡ ቢቆም እንኳ 10 ቀን ሳታቋርጪ ስጪው። ኦ አር ኤሱን ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጠሽ በማንኪያ ቀስ እያልሽ ስጪው፤ ጡቱ እንዳለ ሆኖ።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ልጅሽ 6 ወር ሞልቶ ምግብ ሲጀምር ካካው እንደ ፍየል በጠጥ ይደርቅና ሲያምጥ ፊንጢጣው ይሰነጠቅ ይሆናል፤ ያኔ ደማቅ ቀይ መስመር ከውጭ በኩል ተለጥፎ ታያለሽ። ድርቀቱ ሲለቅ እሱም ይድናል፤ ሳሙና ቆርጦ መክተት ግን ቁስሉን ማቃጠል ነው። ቀይ ሥር የበላ ልጅ ቀይ፣ የአይረን ሽሮፕ የሚወስድ ልጅ ጥቁር ቢያስቀምጠው አትደንግጪ። የጡትሽ ጫፍ ተሰንጥቆ የሚደማ ከሆነ ደግሞ ልጁ የዋጠው የአንቺን ደም ሊሆን ይችላል። ታላቅ እህትሽ ሴት ልጅ የወለደች ጊዜ በ4ኛው ቀን ጨርቁ ላይ ደም ታይቶ ቤቱ በለቅሶ ሊናወጥ ነበር፤ ከእናቷ የወረሰችው ሆርሞን ሲቀንስ በብልቷ በኩል የመጣ ጠብታ ነበር፤ በቀናት ውስጥ ጠፋ።

ለጨቅላ ግን ቀልድ የለም። 2 ወር ያልሞላው ልጅ ካካ ላይ ደም ከታየ በዚያው ቀን ይታይ። በተለይ እቤት የተወለደ፣ ጭኑ ላይ 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ ያልተወጋ ጨቅላ፣ ደሙ የሚረጋበት አቅም አንሶት ከእምብርቱም ከአንጀቱም ሊደማ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቁር አረንጓዴ ካካ የወግ ነው፤ ቢጫ ከሆነ በኋላ ተመልሶ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን የወግ አይደለም። በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ደሙ ብዙ ከሆነ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ መዳፉ ነጭ ከሆነ ወይም ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ ሌሊትም ቢሆን ተነሺ።

ጎረቤቶችሽ መምጣታቸው አይቀርም። አንዷ «ግግ ነው፣ ይነቀልለት» ትልሻለች፤ ሌላዋ «እንጥሉ ወርዶ ነው»፤ ሦስተኛዋ ጥርስ ሊያበቅል ነው ብላ ታጽናናሻለች። ጥርስ ማብቀል ደም አያስቀምጥም። ግግና እንጥል የሚቆርጡ እጆች ያመጡትን ኢንፌክሽንና የማይቆም ደም እኔ ከልጆቹ አፍ ጠርጌአለሁ። ቡና አፍልተሽ፣ አመስግነሽ ሸኚያቸው፤ ልጁን ግን ለማንም አትስጪ። ዳማ ከሴም ሆነ አብሽ በአፉ አይግባ።

ነገ ጠዋት ወደ ሐኪም ስትሄጂ ያንን ጨርቅ እንዳለ በላስቲክ ቋጥረሽ ያዢ፤ ዳይፐርም ቢሆን እንዲሁ። ፎቶውንም ስልክሽ ላይ አትሰርዢው። ደሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው፣ አንቺ ምን እንደበላሽ በወረቀት ጻፊ፤ የጾሙን ነገር ሳትረሺ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ቸኩሎ ላይጠይቅሽ ይችላል። ስትወጪ ደውዪልኝ፤ ቀኑን ሙሉ እቤት ነኝ።