ከምስጋናው በፊት

በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሬጅስትራሩ መስኮት ፊት ተሰልፈን የምንሞላው ቅጽ ነበር። «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ «የመንግሥት ሠራተኛ» ብዬ ጻፍኩ። «የእናት ሥራ» በሚለው ቦታ ደግሞ «የቤት እመቤት» ብዬ ጽፌ ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ። ትንሽ እንኳ አላመነታሁም። ከአጠገቤ የነበሩት ልጆችም አብዛኞቹ ያንኑ ሲጽፉ አይቻለሁ።

እናቴ እንጀራ ነጋዴ ናት። ሻሸመኔ ውስጥ መናኸሪያው አካባቢ ላሉ ሦስት ምግብ ቤቶች በየቀኑ 120 እንጀራ ታቀርብ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥታ ሁለቱን ምጣዶች ታሰማለች፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንጀራው ጋሪ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ከጎረቤት ሁለት ሴቶች ቀጥራ ደመወዝ ትከፍላለች። መከር ገብቶ የጤፍ ዋጋ ሲወርድ በጆንያ ገዝታ ታስቀምጥና ክረምት ላይ ሌሎቹ ሻጮች ሲጨነቁ እርሷ አትደነግጥም። የዱቤውን ሒሳብ የምትይዘው በጭንቅላቷ ነው። አንደኛው ምግብ ቤት የሁለት ወር ዕዳ ባጠራቀመ ጊዜ በአንድ ጠዋት ማቅረብ አቆመች። ባለቤቱ ቤታችን ድረስ መጥቶ ለመነ። ዕዳውን በ10 ጊዜ እንዲከፍል ተስማማችለት፤ ከዚያ በኋላ ግን ለእርሱ በእጅ በእጅ ካልሆነ አልሸጠችም። የእኔ ደብተር፣ ልብስ፣ የአውቶቡስ መሳፈሪያና የኪስ ገንዘብ ሁሉ የወጣው ከእነዚያ ምጣዶች ነው። የአባቴ ደመወዝ እኮ እስከ ወሩ አጋማሽ አያደርሰንም ነበር።

የሚገርማችሁ፣ እኔ ያጠናሁት ማኔጅመንት ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህራችን ስለ ዕቃ ክምችትና ስለ ዱቤ ቁጥጥር ሲያስረዳን፣ ሌላው ተማሪ ሲጽፍ እኔ ብዕሬን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ጓዳችን ውስጥ ሳየው ነበር ያደግሁት። ስሙን ግን አላወቅሁለትም ነበር። ስም ያልሰጠሁትም ሥራው ከባድ ስላልሆነ አይደለም፤ የሠራችው ሴት ስለሆነች፣ የተሠራውም ማድ ቤት ውስጥ ስለሆነ ነው።

ይህን ዛሬ ያነሣሁት በየዓመቱ የካቲት 29 ሲደርስ በየአጥቢያችን የምናዘጋጀውን ፕሮግራም እያሰብኩ ነው። በዚያ ቀን ወንድሞች ሻይ ያፈላሉ፤ ለእኅቶች አበባ ይሰጣል፤ ስለ ልባም ሴት ይሰበካል። ጥሩ ነገር ነው፣ አልነቅፈውም (ወንድሞች የሚያፈሉት ሻይ ስኳር ቢበዛበትም)። ችግሩ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት የወጣቶች ኮሚቴ ሲሰበሰብ ነው። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው አንዲት እኅት ናት። ገንዘብ የሚያሰባስቡት እኅቶች ናቸው። ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል የሚለው ሲነሣ ግን የሚናገሩት አራት ወንድሞች ናቸው፤ አበባው ገና አልደረቀም።

ያ የምንሰብከው ምዕራፍ፣ ምሳሌ 31፣ እስከ መጨረሻው ሲነበብ እኛ ከለመድነው የተለየ ነገር አለው። ሴቲቱ መሬት መርምራ ትገዛለች፤ ባገኘችው ወይን ትተክላለች፤ የሠራችውን ልብስ ለነጋዴ ታስረክባለች። የመጨረሻው ቁጥር ደግሞ ሁለት ነገር ይዟል። ሁለተኛው ምስጋና ነው። የመጀመሪያው ግን ድርሻ ነው፦ እጇ ካፈራው ለራሷ ይሰጣት ይላል። ምስጋናውንም ቢሆን ይዘው ወደ አደባባይ የሚወጡት ሥራዎቿ ናቸው፤ የእኛ አበባ አይደለም። በዚያ ዘመን የከተማው በር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚቆርጡበት ቦታ ነበር። ስለዚህ ድርሻዋን ሳንሰጥ ምስጋናዋን ብቻ ማንበብ ቁጥሩን ከወገቡ ቆርጦ ማንበብ ነው።

«ግን እኮ ክርስቲያን እውቅና አይፈልግም፤ እግዚአብሔር ካየው ይበቃል» የሚል አይጠፋም። አንድ ጊዜ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ አንድ ወንድም ይህንኑ አለኝ። ከልቡ ነበር፤ እኔም በዚያ ቀን ጥሩ መልስ አልነበረኝም። አሁን የማስበው እንዲህ ነው። ምጽዋትን በስውር ስለ መስጠት ጌታ ያስተማረው ሰጪውን ነው። ተቀባዩ የሰጪውን ደግነት እንዲደብቅ አላዘዘም። እኔ የሠራሁትን ብሸሽግ ትሕትና ሊሆን ይችላል። አንቺ የሠራሽውን ብሸሽግ ግን ንጥቂያ ነው። ትሕትና ሰው ለራሱ የሚለብሰው ልብስ ነው፤ ሌላውን በግድ ሲያለብሱት ስሙ ይለወጣል። ደግሞስ፣ ይህን የስውር አገልግሎት ትምህርት የምናስተምረው ለማን ነው? የኮንፈረንሱ ሰባኪ ፎቶ በትልቅ ባነር በሩ ላይ ይሰቀላል። ለ300 ሰው ወጥ የሠራችው እኅት ግን እግዚአብሔር ዋጋዋን ይከፍላታል ተብላ ትሸኛለች። እውነት ነው፣ ይከፍላታል። እኛ ግን ያለብንን በእርሱ ላይ ማሳበባችን ነው።

በቢታንያ ሽቱ ያፈሰሰችውን ሴት አስታውሱ። በቤቱ የነበሩት ሲያጉረመርሙባት ጌታ ዝም በይና በስውር አገልግዪ አላላትም። ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ ያደረገችው እንዲነገርላት ወሰነ። ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ሰላምታ ሲልክ መጀመሪያ የጠራው የክንክራኦሷን ፌቤንን ነው፤ ብዙዎችን እንደ ረዳች፣ እርሱንም ጭምር እንደ ረዳች በጽሑፍ አስቀመጠው። የፊልጵስዩስ አማኞች የሚሰበሰቡበት ቤት የቀይ ሐር ነጋዴዋ የልድያ ቤት ነበር። ነጋዴ መሆኗን ሉቃስ ሳይጽፍ አላለፈም። እርሱ ቅጹን በትክክል ሞልቷል፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።

ሴቶች በሽምግልናና በመጋቢነት ያገለግሉ ወይስ አያገለግሉ የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ላይ ይለያያሉ፤ እኔም የራሴ አቋም አለኝ። ነገር ግን በየትኛውም ወገን የቆመ ሰው የሠራችውን ሴት ስም መጥራት፣ የለፋችበትንም ለእርሷ መስጠት ይችላል። ለዚህ ሲኖዶስ መጠበቅ አያስፈልግም።

ስለ ስም ካነሣሁ አይቀር ስለ አስቴር ጋኖ ልንገራችሁ። በልጅነቷ በባርነት ተሸጣ በመርከብ ባሕር ልትሻገር ስትል ጣሊያኖች መርከቧን ያዙና ነፃ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ በነበረው በእምኩሉ የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። በዚያ ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ይተረጉም ነበር። እርሱ ከአገሩ የተወሰደው በጣም ሕፃን ሳለ ስለ ነበር የቋንቋው ጉልበት ይጎድለው ነበር፤ አስቴር ግን ቋንቋው በአእምሮዋ ሙሉ ነበር። 15,000 ያህል ቃላት ሰበሰበች፤ ተረቶችንና ዘፈኖችን ከትውስታዋ ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦኔሲሞስ ጋር ያዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ ታተመ፤ በ1899 ደግሞ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። በኋላም ወለጋ ሄዳ በነቀምቴ አስተማረች። አሁን ስለዚያ ትርጉም ስንናገር የማንን ስም ነው የምንጠራው? የኦኔሲሞስ ስም መጠራቱ ተገቢ ነው፤ ታላቅ ሰው ነበር። ነገር ግን የወጣቶች ኅብረታችንን ጠይቄ ከ40 ሰው አስቴርን የሚያውቃት አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። እርሱም የነቀምቴ ልጅ ስለሆነ ነው።

ድርሻው ደግሞ ከስሙም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ገንዘብ ይነካል። እኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣዶች ገዝታ ሥራዋን ለማስፋት ብድር ልትጠይቅ አንድ ባንክ ሄደች። መያዣ አምጪ ተባለች። ቤታችን የተመዘገበው በአባቴ ስም ብቻ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ቤቱን ማስያዝ ፈራ። በአባቴ አልፈርድበትም፤ ቤት ማጣት ያስፈራል። ነገር ግን የዚያ ቤት ጣራና ግማሹ ግድግዳ የተሠራው በእንጀራ ገንዘብ ነበር። ሠርታ ያቆመችው ቤት ለእርሷ ዋስ ሊሆናት አልቻለም። እቁብ ገባች። ምጣዶቹን ለመግዛት ሁለት ዓመት ፈጀባት፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት የማገዶው ጭስ ዓይኗን ጎድቶታል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር። የሚስት የራሷ ደመወዝና ገቢ ካልሆነ በቀር የጋራ ንብረትን የሚያስተዳድረውም እርሱ ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ባልና ሚስት ንብረታቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። ሕጉ እንዲለወጥ ከታገሉት መካከል የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አንዱ ነበር። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ ከሌሎች 10 ሴቶች ጋር ሆነው እናት ባንክን መሠረቱ፤ ባንኩ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። እርሳቸውም በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። እነዚህ ሴቶች ለሌሎች ሴቶች የምስጋና ወረቀት አላደሉም፤ ሕግ አስለወጡ፣ ባንክ ከፈቱ። በአማራ ክልል ገጠርም የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም ያቺ ሴት ባሏ ቢሞት ወይም ቢፋቱ ማሳው የእርሷም መሆኑን ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ አትዞርም።

እናንተ ገና ወጣቶች ናችሁ፤ ቤት በስማችሁ የለም፤ ሕግም አታወጡም። ስለዚህ ስለ ሌላ ሰው የምናገር ሊመስላችሁ ይችላል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፤ የእኅቴን ነገር እስካስተውል ድረስ።

እኅቴ በሁለት ዓመት ታላቄ ናት። እናቴ ዓይኗን ስትታመም ሊጡን ማቡካትና መጋገሩን የያዘችው እርሷ ናት፤ 10ኛ ክፍልን ጨርሳ ቀረች። ማንም ተይ ብሎ አላስገደዳትም፤ ማንም ግን ቀጥዪም አላላትም። እኔም አላልኳትም። ስመረቅ በቤታችን በተደረገው የምስጋና ጸሎት ላይ አንድ አባት ልጁን ስላስተማረ አባት እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ሁላችንም አሜን አልን። እኅቴ በዚያ ሰዓት ማድ ቤት ለእንግዶቹ እንጀራ እያወጣች ነበር። አሜን ስንል ድምፃችንን ሰምታለች።

ከተቀጠርኩ በኋላ የማታ ትምህርቷን እየከፈልኩ 12ኛን ጨረሰች፤ አሁን የምጣዱን ሥራ የምትመራው እርሷ ናት፤ የንግድ ፈቃዱም በስሟ ወጥቷል። ይህን ውለታ አድርጌላት እንደሆነ አድርጋችሁ እንዳታነብቡት። የተበደርኩትን በከፊል መለስኩ እንጂ ስጦታ አልሰጠኋትም። የዘጠኝ ዓመት ደመወዝ በምን ይሰላል?

እኅቴ ሆይ፣ አንቺ ይህን የምታነብቢው፣ ለአንቺም አንድ ነገር አለኝ። ይህን ማን አዘጋጀው ተብለሽ ስትጠየቂ «ኧረ እኔ ምን አደረግሁ» አትበዪ። ያደረግሽውን አላደረግሁም ማለት ጨዋነት ይመስላል፤ እውነት ግን አይደለም። ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ገንዘቡን ያመጡት እኅቶች ስለ ገንዘቡ ሳይናገሩ እጅህን ለድምፅ አታንሣ። ቀላል ነው፤ በእኛ ኅብረት ሞክረነዋል፤ ስብሰባው በግማሽ ሰዓት ረዘመ። ተጨቃጨቅንም። የድምፅ ማጉያ ሊገዛበት የታሰበው ገንዘብ ለሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ዋለ፤ ያለ እኅቶች ቢሆን ስለ እነዚያ ልጆች የሚያውቅ ሰው እንኳ በመካከላችን አልነበረም።

ባለፈው ዓመት አጥቢያችን የአባላቱን መዝገብ ሲያድስ የእናቴን ቅጽ የሞላሁላት እኔ ነኝ። «ሥራ» የሚለው መስመር ጋ ስደርስ ብዕሬን ይዤ ቆምኩና ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኋት። ለግብር ነው እንዴ አለችኝ። አይደለም አልኳት። ቆየት ብላ፣ «እንጀራ ነጋዴ በል» አለች። እየጻፍኩ ሳለሁ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗ እንደማያነብላት እያወቀች፣ «ነበረች ብለህ እንዳትጽፍ» አለችኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም እሸጣለሁ።»